በእኔ በኩል ቀጥ ብሏል

ይግቡ፣ ይግቡ እትዬ! ውጭ ቆመው ነው እንዴ የሚጠብቁኝ? እዚህ አረፍ ይበሉ… ኧረ እሱ አይደለም፣ እሱ ወንበር እግሩ ይወላገዳል። ጎረቤቴ አናጢው «ጠገንኩልሽ» ካለኝ ወዲህ ጭራሽ ሰው መምረጥ ጀምሯል፤ ቀጭኑን ተሸክሞ ወፍራሙን ይጥላል። ይኼኛው ይሻላል። ትራሱን ከጀርባዎ ያድርጉት። መንገዱስ እንዴት ነበር? አውቶቡሱ አላንገላታዎትም? ቢያንገላታስ፣ የእህት ልጅ ሰርግ አይደል፣ ይቻላል! እኛም ነፋስ ብቻ ሲያናፍሰን ከርሞ፣ ይኼው እርስዎ ሲገቡ ዝናቡ ጣል ጣል አለ። እግረ እርጥብ ነዎት ማለት ነው።

ሙሽራችን እዚያ መጋረጃው ጀርባ ነች። ቬሎዋን ለብሳ ቆማለች። እንዲህ ያለው ጨርቅ ሰውነት ላይ ትንሽ ተንጠልጥሎ ካልቆየ ጫፉ ሲዘመዘም ይወላገዳል፤ ስለዚህ እሷ ትንሽ ትቆማለች፣ እኛ ትንሽ እንጫወታለን። ጀርባው ገና በስፒል ነው የተያዘው። እኔ ገብቼ ካላላቀቅኳት ንቅንቅ ማለት አትችልም። … እጅሽን እንዳታወርጂ እሺ የኔ ቆንጆ! አክስትሽ መጥተዋል! … ትሰማናለች፣ አይጨነቁ። መጋረጃ እንጂ ግድግዳ አይደለም።

ምን የመሰለች ልጅ ነው ያለችዎት እትዬ! በዚህ ከተማ ልብስ ሰፊ ሞልቷል። ሁሉንም አልፋ፣ ቀጥ ብላ እኔ ጋ መጣች። ሌላዋ ብትሆን ታፍራለች… ማለቴ እንዲህ ያለች ጠባብ ቤት ለመግባት። እሷ ግን ምን ቆርጧት! «ከአንቺ በቀር ማንም አይሰፋልኝም» አለችኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች። እንዲህ ያለ ልብ ስንቱ ሰው አለው? የሙሽራውማ ሙሉ ልብስ ድሮ ነው ያለቀው። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፣ ለሌላ ጉዳይ ተሰፍቶ። አቧራውን አራግፌ ሰጠሁት፤ ልክክ! ቀኝ ትከሻው ዝቅ ስለሚል በዚያ በኩል ትንሽ ጥጥ ይፈልጋል፣ እሱንም አስቀድሜ አድርጌለት ነበር። ምን ያድርጉኝ፣ አንዴ የለካሁትን ሰው አልረሳም። ሰውየው ቢረሳኝም።

ሥራዋን ነግራዎታለች አይደል? … «የምክር አገልግሎት»? አዎ፣ ልክ ብላለች። ስንቱን መክራለች መሰለዎት! እሷ የመከረችው ሰው ሁለተኛ ምክር አያምረውም።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ ምክር ሲሉኝ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። … አይ፣ እርስዎ አያውቋትም። ስም ማንሳትም አልወድም፤ ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ የምኖር ሰው ነኝ። ግን ቢያውቋት ይወዷት ነበር። እንደ ሥጋ ዘመድዎ ነበር የሚወዷት።

እሷ የምትመክረው በካርታ ነበር። የቁማሩ ካርታ አይደለም፤ ታሮት የሚሉት አለ፣ ሥዕል ሥዕል ያለበት፣ ዕድል የሚነበብበት። ከፎቶ ቤቱ በላይ አንድ ክፍል ይዛ፣ ክብ ጠረጴዛ አስገብታ፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አደረገች፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የባለጉዳዩ። ካርታው ይበወዛል፣ አንዱ ይመዘዛል። ባለጉዳዩ ከተቀመጠበት ሲያየው ሥዕሉ ቀጥ ካለ አንድ ትርጉም አለው፣ ከተዘቀዘቀ ደግሞ ሌላ። ቀጥ ያለውንማ ማን ያቅተዋል? ፀሐይ ወጣች፣ ጥሩ ነው፣ በቃ። የሷ ሙያ የተዘቀዘቀው ላይ ነበር። ቀጥ ያለ ነገር ብዙም አይሆንላትም… ካርታውን ነው የምልዎት።

ዳቦ ጋጋሪው ሄዶ ፀሐይ ተዘቅዝቃ ወጣችበት። «ተጠንቀቅ፣ እሳት ከታች ይመጣብሃል» አለችው። እንግዲህ ዳቦ ጋጋሪ ነው። እሳት ከታች ካልመጣለት በምን ሊጋግር ኖሯል? እሱ ግን ክው አለ። ምድጃውን አጥፍቶ ሊጡን አቅፎ ተቀመጠ። ሊጡ ኩፍ ይላል፣ እሱ ያስተኛዋል፤ ኩፍ ይላል፣ ያስተኛዋል። ሰፈሩ በሙሉ ዳቦ ፍለጋ ማዶ ድረስ ተንከራተተ። እሷ ደግሞ «አየህ፣ ከቃጠሎ አተረፍኩህ» አለችው። እውነቷን ነው! እስካሁን አልተቃጠለም።

የፀጉር ቤቷ ባለቤት ደግሞ ንግሥቲቱ ተዘቅዝቃ ወጣችባት። «ዘውድሽ ሊወድቅ ነው፣ አንገትሽን እንዳታጎነብሺ» ተባለች። ሳያጎነብሱ የሰው ፀጉር እንዴት ይታጠባል እትዬ? ጣሪያ ጣሪያ እያየች በዳሰሳ ታጥብ ጀመር። እኔ ራሴ ሄጄ ጆሮዬን አጥባ፣ ፀጉሬን ደረቁን ሸኝታኛለች።

ባለታክሲውስ? ለሱ የወጣለት መንኮራኩር ነው። ክብ! ክብ ነገር በየት በኩል ነው የሚዘቀዘቀው? እሷ ግን አገኘችው። ዓይን ይስጥዎት ብቻ! «ወደ ኋላ እየዞረብህ ነው» አለችው፣ እሱም ዕድሉን ሊያስተካክል የኋላ ማርሽ አስገብቶ ሰፈሩን ዞረ። ተሳፋሪ ይዞ! የተሳፈሩት እንኳ ከየት እንደመጡ እንጂ ወዴት እንደሚሄዱ ሳያዩ ደረሱ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የፖስታ ቤቱ ሰው ነው። አንድ ካርታ አለ፣ ሰውየው በአንድ እግሩ ቁልቁል የተንጠለጠለበት። በደህናው ቀን ነው የተዘቀዘቀው። እሱ ሲገለበጥ ምን ይሆናል? በእግሩ ይቆማላ! እኔ እንኳ ብሆን «ደስ ይበልህ፣ ወረድክ» እለዋለሁ። እሷ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ይኼ መጥፎ ነው። ከለመደው ቦታ ተነቅሏል» አለች። ሰውየው በነጋታው የሥራ ዕድገት ቢሰጡት «እዚሁ እንደተንጠለጠልኩ ተዉኝ» ብሎ መለሰ። አለቃው እስካሁን ያልገባው እሱ ነው።

ይስቁ፣ ይስቁ እትዬ፣ ሳቅ ዕድሜ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ካልሆነ በቀር ሳቅ ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ይቺ መካሪ ታዲያ አንዲት የልብ ጓደኛ ነበረቻት። ልብስ ሰፊ ናት፣ እንደኔው። ሱቋም… ከዚህ አይርቅም። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት። ካርታው የሚዘረጋበት ጥቁር ከፈይ ነበር፣ እሱን የሰፋችላት እሷ ናት፤ ገበር ሁሉ አድርጋለት። መካሪዋ ሲከፋት መጥታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ልብስ ሰፊዋም በቁራጭ ጨርቅ እንባዋን ትጠርግላታለች። ልብስ ሰፊዋም በተራዋ የሆዷን የምትነግረው ለዚህችው መካሪ ብቻ ነው። እናቷ የለች፣ እህት የላት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ ሰዎች… እኔ ግን አልልም። ከባለቤቱ ያወቀማ ጓደኛ ነው።

ልብስ ሰፊዋን አንድ ሰው ወደዳት። ሰዓት ሠሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ አቀርቅሮ ከመዋሉ የተነሳ አንድ ትከሻው ያዘነበለ። ቀለበት አሰረላት። እሷም እንዴት ወደደችው መሰለዎት! የሰርጉን ሙሉ ልብስ በገዛ እጇ ሰፋችለት፣ ትከሻው እንዳይታወቅበት ተጨንቃ ተጠብባ። እንግዲህ ደስታ ሲበዛ ያስፈራል እትዬ፣ በተለይ ላልለመደው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወዳጇ ክፍል ወጣችና «እስኪ አንዴ እዪልኝ» አለቻት። ከዚያ በፊት አስነብባ አታውቅም እኮ! ምን አስወጣት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ግን ደግሞ ዕድለኛ ናት፤ የጣለችው እንደ ሌላው ሰው መሬት አልወደቀባትም። ከሥር እጇን ዘርግታ የምትቀልብ ወዳጅ ነበረቻት።

ፍቅረኞቹ ወጡ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን የቆሙበት ካርታ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ስታየው ግን በአናታቸው ተተክለዋል። ወዳጇ አፏን ያዘች። «ምንድነው?» ብትላት «ተይው፣ አልነግርሽም።» «በሞቴ!» «የኔ እህት፣ ይኼ ትዳር ቢቆም እንኳ ጣሪያው ላይ እየተራመዳችሁ ነው የምትኖሩት። ዛሬውኑ ቀለበቱን መልሺለት። እኔ አንቺን ማጣት አልፈልግም።» ይኼን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር አሉ። አዩልኝ አይደል፣ ምን ያህል እንደምትወዳት?

መለሰችለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር። የኛዋ ሞኝ ግን ወረቀት አይታ የያዘችውን ለቀቀች።

… ምነው ሳልሽ የኔ ቆንጆ? ስፒል ነክቶሽ ነው? አይዞሽ፣ ስፒል ዝም ብሎ ሰው አይወጋም፤ የሚወጋው የተቁነጠነጠን ነው።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ሰዓት ሠሪው። ግራ ገባው። ይግባው እንጂ! «ምን አጠፋሁ?» ቢላት «ተዘቅዝቀናል» ነው ያለችው። ተዘቅዝቀናል የተባለ ሰው ምን ይመልሳል? እንግዲህ ማን ያስረዳው? ወዳጇ ሄደች። «አንቺ ሆድሽ ይባባል፣ እኔ ላስረዳልሽ» ብላ። ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ ነግሮ ይመለሳል። እሷ ግን ኃላፊነት ይሰማታል፤ እስኪገባው ድረስ ተመላለሰች። እሱ ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባውም፣ አመሻሽ ላይ ጭራሽ። ሰው ሲያያት «ሰዓት ላሠራ ነው» ትላለች። ሰዓት አስራ አይቻት አላውቅም… ማለቴ ልብስ ሰፊዋ ናት አይቻት አላውቅም ያለችው። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ያለቅሳል፣ ብልህ ይልሳል ይሉ የለ? የዚህችን ደግነት ይዩልኝ፤ እየላሰችም አብራት አልቅሳለች።

ሞቀዎት እንዴ እትዬ? ፊትዎ ቀላ ብሏል። መስኮቱን ልክፈተው? … ወዴት ነው የሚነሱት? ይቀመጡ እንጂ። መጋረጃውንማ አይግለጡብኝ፣ ጨርቁ ገና አልረጋም።

ከዚያማ ያው ቀለበት ሌላ ጣት ላይ ታየ። ያው ራሱ! ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም፤ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው የሄደችው። «በአናቱ ተተክሏል አላልሽኝም? ጣሪያ ላይ ትኖሪያለሽ አላልሽኝም?» አለቻት። መካሪዋ መች ደነገጠች! ካርታውን ፈልጋ አወጣች፣ ከፈዩ ላይ አስቀመጠችው፣ ረጋ ብላ በለሆሳስ… «የኔ እህት፣ እስኪ አስቢው። ያን ቀን አንቺ እዚያ ነበርሽ፣ እኔ እዚህ። የተዘቀዘቀው ባንቺ በኩል ነው። በእኔ በኩል ቀጥ ብሏል።»

በእኔ በኩል ቀጥ ብሏል! … ይኼ ውሸት ነው እትዬ? በፍጹም። የፈለገ ሰው ገብቶ ይመስክር፣ እውነት ነው! እኔ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። የሚገርመኝ ደግሞ ይኼ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ በግልባጩ የምትሰፋ ሴት፣ የውስጡ ወደ ውጭ እንደሚዞር ከማንም በላይ የምታውቅ፣ ያን ቀን ብድግ ብላ ጠረጴዛውን መዞር እንዴት አቃታት? ቢዞሩት እኮ ባሏ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

አሉባልታ እግር አለው አይደል፣ ነገሩ ሰፈሩን አዳረሰ። ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ጥሎ መጣ። «የኔስ ፀሐይ ባንቺ በኩል እንዴት ነበረች?» አለ። ባለታክሲው መጣ፤ በቀጥታ ማርሽ። የፀጉር ቤቷም አንገቷን እንደገተረች መጣች፣ የፖስታ ቤቱ ሰው ዕድገቱን ሊጠይቅ መጣ። ከእንግዲህ ወዲያ በባለጉዳይ ወንበር የሚቀመጥ ጠፋ! ሁሉም በሷ በኩል፣ ሁሉም ቀጥ ያለውን ሊያይ። አንዷ ወንበር ላይ ተደራርበው፣ ዳቦ ጋጋሪው ጭኗ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው፣ ልብሷ በሙሉ ዱቄት። ገፍተው ገፍተው አስነሷትና እሷው ዞራ የባለጉዳዩ ወንበር ላይ አረፈች። እንግዲህ የምትመዘው ሁሉ ለነሱ ቀጥ፣ ለሷ የተዘቀዘቀ። ትንሽ ታገሠችና ጠላችው። «ከዚህ በኩልማ ዕድል አይታይም» ብላ ካርታዋን ሰብስባ ክፍሉን ለቀቀች። ሥራውን ተወች ማለት ግን አይደለም፤ በቃል ትመክራለች። ደግሞስ ባል ያገኘች ሴት ካርታ ምን ያደርግላታል? የሚፈለገው ወጥቷል።

ልብስ ሰፊዋ? አለች። ትሰፋለች። … አልቅሳለች፣ ለምን እዋሽዎታለሁ። ለሰውየው አልቅሳለች፣ ወዳው ነበርና። ግን እሱን ለቅሶ ጨርሳዋለች። በወረቀት የተመለሰ ሰው በወረቀት ይሂድ። የማያልቅላት ሌላው ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሳህኑን ታወጣና ኮቴ ታዳምጣለች። ቂሏ! ሳታስበው ነው፣ ጆሮዋ ለምዶባት። ባል ቢጠፋ ሌላ ሊገኝ ይችላል እትዬ። የሆድን ሁሉ ዘርግፎ ያለ ፍርሃት የሚተኙበት ወዳጅ ግን ከየት ይመጣል? አሁን ሰው «ደህና ነሽ ወይ?» ሲላት እንኳ፣ ይኼ ጥያቄ በማን በኩል ነው ቀጥ ያለው ብላ ታስባለች። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ዓይኗ እንባ ያቀርና፣ ለደንበኛ «መነጽሬን መቀየር አለብኝ» ትላለች።

እና ያቺው ወዳጇ አንድ ቀን በሯን ከፍታ ገብታ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች «ልብስ ስፊልኝ» ብትላት፣ ምን የምታደርግ ይመስልዎታል? … ታጠብባለች? አንዱን እጅጌ ታሳጥራለች? አይ እትዬ፣ እኛ ልብስ ሰፊዎች እንዲያ አናደርግም። አሳምራ ትሰፋላታለች። ከፊትም ቢያዩት፣ ከኋላም ቢያዩት፣ ከውስጥ ቢገለብጡትም እንከን እንዳይወጣለት አድርጋ። ሥራ ሥራ ነው።

በሉ በቃ፣ ጨርቁ ረግቷል። ይምጡ እንያት። … ይኼው! ይኼው፣ ይዩልኝ እትዬ! እልል አይሉም እንዴ? ምነው የኔ ቆንጆ፣ ዓይንሽ ቀላ? መቆሙ ደክሞሽ ነው። ቀስ በይ፣ ይኼን ስፒል ላውጣልሽ… ቀጥ በይ… እንዲያ። አንዲትም ቦታ አልተሸበሸበም። ወገቡ ልክ፣ ትከሻው ልክ፣ ጫፉን ብቻ ዘምዝሜ አስረክብሻለሁ።

እጄ ላይ ስፒል አለ እንጂ አቅፌ ብስምሽ ደስ ይለኝ ነበር። ከልቤ ልመርቅሽ። ቤትሽ የሞቀ ይሁን። ጎጆሽን ይባርክልሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ባልሽ ካንቺ ሌላ አይታየው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴት ልጅ ያለ ወዳጅ አይሆንላትምና፣ ፈጣሪ ጓደኛ ይስጥሽ። የሆድሽን የምትነግሪያት፣ ከሳህንሽ የምትበላ፣ አንቺ በሌለሽበት እንኳ ቤትሽ ገብታ የምትወጣ ጓደኛ። ከየትም የመጣች አይደለም፤ በልቧም፣ በጠባይዋም፣ በታማኝነቷም አንቺን ራስሽን ቁርጥ የሆነች፣ ልክ እንዳንቺ ያለች ጓደኛ ይስጥሽ። ዕድሜ ልክሽን ካጠገብሽ አይለያት።

አሜን በይ እንጂ የኔ ቆንጆ። … እትዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉላት እንጂ።